ቲኤን ለሚስት፣ ለባልስ?

ይህን የኢንተርኔት የውይይት ክር የከፈተችው አንዲት ነርስ ናት። ቶሮንቶ ትኖራለች። የካናዳ ዜግነት አላት፤ ነርሲንግም የተማረችው እዚያው ኦንታሪዮ ነው። አሜሪካ፣ ሚሺጋን ያለ አንድ ሆስፒታል ቲኤን በሚባለው ጊዜያዊ የአሜሪካ የሥራ ፈቃድ ሊቀጥራት ፈልጓል። ደመወዙ ጥሩ ነው፤ ያውም በአሜሪካ ዶላር። ባለቤቷ የሒሳብ ባለሙያ ነው። እሱ ግን ገና ፒአር (ዜግነት ያልወሰደ የካናዳ ቋሚ ነዋሪ) ነው፣ የያዘውም የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው። ሁለት ልጆቻቸው ካናዳ የተወለዱ ናቸው።

ጥያቄዎቿ ሦስት ነበሩ። ያለ ሎተሪ መግባት ትችላለች ወይ? ባለቤቷስ እዚያ መሥራት ይችላል? ቲኤን የቆመበት የአሜሪካ፣ የካናዳና የሜክሲኮ የንግድ ስምምነት ቢፈርስ ምን ይውጣታል? ከጥያቄዎቹ ጋር አንድ አቋምም ይዛ ነው የመጣችው። ቲኤን በሎተሪ ከሚሰጠው የሥራ ቪዛ፣ ከኤች ዋን ቢ፣ በሁሉም ነገር ይሻላል ብላ ታምናለች።

እኔም በዚህ ወረቀት ለዓመታት ኖሬያለሁ፤ ስለዚህ ክሩን እስከ መጨረሻው ተከታተልኩት፣ መሐልም ገብቼ ጻፍኩ። እዚህ የማስቀምጠው የመልሶቹን ፍሬ ነገር በተራ ቁጥራቸው ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ለማያውቀው ሰው በአጭሩ፦ ቲኤን በ1994 ሥራ ከጀመረው ከናፍታ ስምምነት ጋር የመጣ ነው። ከጁላይ 1 ቀን 2020 ጀምሮ ናፍታን ዩኤስኤምሲኤ የተባለው አዲስ ስምምነት ሲተካው ይህ ክፍል እንዳለ ተላለፈ። ከ60 በላይ ሙያዎች የተዘረዘሩበት ሰንጠረዥ አለው። ሙያህ እዚያ ውስጥ ካለ፣ የካናዳ ወይም የሜክሲኮ ዜጋ ከሆንክና አሜሪካ ውስጥ የሚቀጥርህ ካገኘህ በሩ ክፍት ነው።

1. መጀመሪያ የመለሰው ቴክሳስ የሚሠራ ሲቪል መሐንዲስ ነው። ትሑት ሰው ነው። እንኳን ደስ ያለሽ ብሎ ጀመረና የራሱን መንገድ ነገራት። ካናዳዊ ኤምባሲ ደጅ መጥናት የለበትም። ፓስፖርቱን፣ ዲግሪውንና የቀጣሪውን ደብዳቤ ይዞ ድንበር ላይ ማመልከት ይችላል። እሱ ቶሮንቶ ፒርሰን ኤርፖርት ባለው የአሜሪካ ፍተሻ፣ ገና አውሮፕላን ሳይሳፈር ነው የጨረሰው። የማመልከቻው ክፍያ 50 ዶላር ነው፤ መልሱም አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ቀን ይታወቃል። በአንድ ጊዜ እስከ 3 ዓመት ይሰጣል። እስከ 2008 ድረስ አንድ ዓመት ብቻ ነበር። ስንት ጊዜ እንደሚታደስ ገደብ አልተቀመጠለትም። ሎተሪም ኮታም የለም። መሐንዲሱ በአቋሟ ሙሉ በሙሉ ተስማማ።

2. ሎስ አንጀለስ ያለ አንድ ሰው ሜክሲኳዊ የሥራ ባልደረባውን አስታወሰ። ስምምነቱ አንድ ነው፤ ሜክሲኳዊው ግን ቆንስላ ሄዶ ቪዛ ማስመታት አለበት። እስከ 2004 መጀመሪያ ድረስ ደግሞ ለሜክሲኮዎች በዓመት 5,500 የሚል ጣሪያ ነበረባቸው። ይህ ልዩነት እንደማይዋጥለት ጽፎ አለፈ።

3. ይህኛው የክሩ ቁም ነገር ከሚባሉት አንዱ ነው። የጻፈችው ዊንዘር እየኖረች ዲትሮይት የምትሠራ ሐበሻ ነርስ ናት። መሐንዲሱን በአክብሮት አረመችው። ለመሐንዲስ ዲግሪና ደብዳቤ ሊበቃ ይችላል፣ ለነርስ ግን አይበቃም አለች። ነርስ ቪዛስክሪን የሚባለውን ማረጋገጫ ይዛ መቅረብ አለባት። የሚሰጠው ቀድሞ ሲጂኤፍኤንኤስ ይባል የነበረው፣ አሁን ትሩሜሪት የተባለው ድርጅት ነው። ጊዜ ይወስዳል። የተማረችበት ኮሌጅ ትራንስክሪፕት ይልካል፣ ላይሰንስ ሰጪው የኦንታሪዮ ነርሶች ኮሌጅ የላይሰንስ ማረጋገጫ ይልካል፤ አንዱ ከዘገየ ሁሉም ይቆማል። ከዚህ ሌላ የሚሺጋን ላይሰንስ አለ። ኦንታሪዮ ከ2015 ጀምሮ የምትፈትነው አሜሪካኖቹ የሚፈተኑትን ኤንክሌክስ ስለሆነ፣ ያንን ያለፈች ነርስ ውጤቷን ይዛ ማመልከት ትችላለች።

ከዚያ ደግሞ ማንም ያልጠየቃትን፣ ግን ትልቅ ነገር ጨመረች። በቲኤን ለመሥራት አሜሪካ ውስጥ መኖር ግዴታ አይደለም። እሷ ዊንዘር ታድራለች፣ በጠዋት ሁለቱን ከተሞች በሚያገናኘው ድልድይ ወይም ዋሻ ተሻግራ ትሠራለች፣ ማታ ትመለሳለች። በ12 ወር ውስጥ ቢያንስ 153 ቀን ኦንታሪዮ እስከቆየችና ዋና መኖሪያዋ እዚያ እስከሆነ ድረስ የኦሂፕ (የኦንታሪዮ የመንግሥት ጤና መድን) ካርዷ አይቋረጥም። ታክስ ለአሜሪካ ትከፍላለች፤ ካናዳም ታሳውቃለች፣ እዚያ የከፈለችው ይታሰብላታል። የጡረታ መዋጮን በተመለከተም ሁለቱ አገሮች ከ1984 ጀምሮ የሚሠራ ስምምነት አላቸው፤ እዚህ የሠሩት እዚያ ይቆጠራል።

በዚያ ሰዓት ይህንን ጉዳይ ልብ ያለው ሰው አልነበረም። ሁሉም ወደ ሌላ ወሬ ሄደ።

4. ካልጋሪ የሚኖር ኤሌክትሪካል መሐንዲስ እሱም መሄድ ይችል እንደሆነ ጠየቀ። ፒአር አለው፤ ፓስፖርቱ የኢትዮጵያ ነው።

5. የተሰጠው መልስ ቁጡ ነበር። ከላይ የተጻፈውን ሳታነብ ለምን ትጠይቃለህ የሚል ነው። ቲኤን ለዜጋ ብቻ ነው፤ ፒአር አይሠራም፣ አለቀ። መልሱ ትክክል ነው። አነጋገሩ ግን አሳዘነኝ። ካልጋሪ ላለው ልጅ ይህ ቀላል ዜና አይደለም።

6. ኤድመንተን የሚኖሩ አንድ ጋሼ ገብተው ቁጥር 5ን ገሠጹት። ልጁ የጠየቀው ስላላወቀ ነው፤ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ሊያስረዳው ይገባል አሉ። እሳቸው ራሳቸው የካናዳ ዜግነት ለመውሰድ ብዙ ዓመት አመንትተዋል። የኢትዮጵያ ሕግ ጥምር ዜግነት አይፈቅድም። በ2003 በወጣው የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 መሠረት የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ የወሰደ ሰው የኢትዮጵያን ዜግነት እንደተወ ይቆጠራል። የአባታቸው ቤት የውርስ ጉዳይ እስኪያልቅ ድረስ አልነካውም ብለው ቆዩ። የወሰዱ ዕለትም ደስታና ሐዘን አንድ ላይ እንደተሰማቸው ጻፉ።

7. አንድ ጎረምሳ መሰለኝ፣ ይህን ሁሉ አጣጣለው። ፓስፖርት ወረቀት ነው፣ ኢትዮጵያዊነት በልብ ነው፣ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ካለ ምንም የሚጎድል ነገር የለም አለ።

8. ሲያትል ያለች ሴት ቁጥር 7ን አረመችው። ቢጫ ካርድ ብዙ ነገር ይሰጣል። በ2002 አዋጅ ቁጥር 270 መሠረት ትውልደ ኢትዮጵያዊው ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይቀጠራል። ግን አይመርጥም፣ አይመረጥም፤ መከላከያ፣ ደኅንነትና ውጭ ጉዳይ በመሳሰሉት መሥሪያ ቤቶችም አይቀጠርም። ምንም አይጎድልም ማለት ሐሰት ነው አለች።

እዚህ ላይ እኔ ከጋሼና ከሲያትሏ እህት ጋር ነኝ። ዜግነት መቀየር ለብዙዎቻችን ከቅጽ መሙላት ያለፈ ነገር ነው። ማንም ሰው ለአንድ የሥራ ዕድል ሲባል ተጣድፎ እንዲወስን ሲገፋ ማየት አልወድም። የነርሷ ባለቤት ግን በክሩ ላይ እንደተረዳነው ወስኗል። ዜግነቱን ሊወስድ ነው፤ የቀረው ለማመልከት የሚጠየቀውን የካናዳ ቆይታ ቀን መሙላት ብቻ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ወደ መጨረሻው ያስፈልገናል።

9. የኢሚግሬሽን ጠበቃ ቢሮ ውስጥ የምትሠራ አንዲት እህት ወደ ጥያቄው መለሰችን። የቲኤን ባለቤት የትዳር ጓደኛና ከ21 ዓመት በታች ያሉ ልጆች የሚያገኙት ቲዲ ይባላል። በቲዲ መማር ይቻላል፣ መሥራት አይቻልም። ልጆቹ ትምህርት ቤት ይገባሉ፤ ባል ግን በሕግ አንድ ሰዓት እንኳ በደመወዝ መሥራት አይችልም። ባልየው ቲዲ ለማግኘት ካናዳዊ መሆን አይጠበቅበትም። ግን ካናዳዊ ስላልሆነ ቆንስላ ሄዶ ቪዛ መጠየቅ አለበት፤ እንደ ሚስቱ ድንበር ላይ አይጨርስም። ከጁላይ 2025 ወዲህ ደግሞ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚሰጡት አብዛኞቹ የጊዜያዊ ቪዛ ዓይነቶች የ3 ወርና የአንድ መግቢያ ብቻ ሆነዋል፤ ስለዚህ የባልየውን ቪዛ ዝርዝር አስቀድማችሁ አጣሩ ብላ አስጠነቀቀች። ሒሳብ ሠራተኛ በቲኤን ዝርዝር ውስጥ አለ። ዜጋ ሲሆን በራሱ ስም በራሱ ቲኤን መግባት ይችላል፤ ከዚያ በፊት አይሆንም።

10. ይህንን መልስ ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። የጻፈችው ቀድሞ ካናዳ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ መምህርት የነበረች ሴት ናት። ባሏ በቲኤን ኦሃዮ ሥራ አገኘ፣ ተከትላው ሄደች። የቲኤን ዝርዝር ውስጥ መምህር አለ፤ ግን የኮሌጅ፣ የዩኒቨርሲቲና የሴሚናሪ ነው። የሕፃናት መምህርት የለችበትም። ስለዚህ የራሷን ቲኤን ማውጣት አልቻለችም። ሥራ ፈት ሆና ተቀመጠች።

መጀመሪያ ዕረፍት መስሏት ነበር። ልጆቿን ታደርሳለች፣ ትመልሳለች፣ ቤቷን ታደራጃለች። ከዚያ የራሷ ገቢ አለመኖሩ እየከበዳት መጣ። እናቷ አዲስ አበባ ሲታመሙ የምትልከውን ገንዘብ ባሏን መጠየቅ ነበረባት። ባሏ አንድም ቀን ከልክሏት አያውቅም። መጠየቁ ነው የከበዳት። ሰው ቤት ልጅ ልጠብቅና ትንሽ ብር ልያዝ ብላ አስባ ነበር፤ ያም ክልክል እንደሆነና ከተደረሰበት የባሏን ወረቀት ጭምር ሊያበላሽ እንደሚችል ነገሯት። ቤተ ክርስቲያን ሰንበት ትምህርት ቤት በነጻ ማስተማር ጀመረች። ያ ነው ያቆየኝ አለች። በመጨረሻ ቤተሰቡ ተመካክሮ ወደ ኦንታሪዮ ተመለሰ፤ አሁን ክፍል ውስጥ ናት። ነርሷን የመከረቻት ባልሽን ይዘሽ ከመሄድሽ በፊት ቁጭ ብላችሁ ስለዚህ ብቻ ተነጋገሩ ብላ ነው።

11. አንድ ሰው ይህንን ካነበበ በኋላ ምስጋና ቢስነት ነው ብሎ ጻፈ። ባል እየሠራ፣ ቤት ሞልቶ፣ ሚስት ተቀምጣ ስትበላ ምን ያስለቅሳታል አለ። ወንድ ልጅ ሚስቱን ተከትሎ ሄዶ ቤት መዋሉ ግን ነውር እንደሆነ ጨመረ።

12. ቁጥር 9 የጻፈችው እህት ምሕረት አላደረገችለትም። መምህርቷ በልታ አደረች እንጂ ሙያዋ ተርቦ ነበር፤ ይህ የማይገባው ሰው ምክር ባይሰጥ ይሻላል አለች። ለሴት ተቀምጦ መብላት ከሆነ ለወንድ ለምን ነውር ሆነ ብላም ጠየቀችው። መልስ አልሰጠም። አወያዩ ገብቶ ሁለቱንም አረጋጋ። እኔ ግን መረጋጋት የነበረበት አንዱ ብቻ ይመስለኛል።

13. ቫንኩቨር ያለ የኮምፒውተር ባለሙያ ድንበር ላይ ተመልሶ እንደነበር ተረከ። ደብዳቤው ላይ የተጻፈው ሥራ ሙሉ በሙሉ ኮድ መጻፍ ነበር። ፕሮግራመር ደግሞ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ያለው የኮምፒውተር ሲስተምስ አናሊስት ነው፤ እሱም ዲግሪ ወይም ዲፕሎማ ከ3 ዓመት ልምድ ጋር ይጠይቃል። ኦፊሰሩ ደብዳቤውን አንብቦ ይህ ሌላ ሙያ ነው አለው፣ መለሰው። በኋላ ቀጣሪው ሥራውን በትክክል ዘርዝሮ ሲጽፍለት፣ የሚሠራው እውነትም የሲስተም ጥናትና ንድፍ ስለነበረ፣ ገባ።

14. አንድ ሰው ከዚህ የተሳሳተ ትምህርት ወሰደ። ዋናው የሥራ መደቡን ስም ማሳመር ነው፤ ኢኮኖሚስት ብለህ አስጽፍ፣ ማን ያይሃል ብሎ መከረ።

15. እዚህ ላይ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ እኔው ገባሁ። የአሜሪካ ኢሚግሬሽን በ2017 ይህንኑ ኢኮኖሚስት የሚለውን መደብ በግልጽ አጥብቦታል። የፋይናንስ ተንታኝና የገበያ ጥናት ባለሙያ በኢኮኖሚስት ስም እንዳይገቡ ተጽፏል። ከሁሉ በላይ ግን ድንበር ላይ ሆን ብሎ የሐሰት ነገር ማቅረብ ዕድሜ ልክ ሊያስከለክል ይችላል። ይህ ተራ ምክር አይደለም፤ የሰው ሕይወት የሚያበላሽ ምክር ነው። ሰውየው ጽሑፉን እንዲያነሣ ጠየቅሁት። አነሣው።

16. የውስጥ ደዌ ሐኪም የሆነ ወንድም ሐኪም በዝርዝሩ እንዳለ አይቻለሁ፣ ልምጣ ወይ አለ። ቁጥር 9 በአጭሩ መለሰችለት። ሐኪም አለ፣ ግን ለማስተማርና ለምርምር ብቻ ነው። በሽተኛ ለማከም በዚህ በር አይገባም።

17. ዳላስ የሚኖር፣ ሁለቱንም የያዘ ሰው የነርሷን አቋም ፈተሸ። መጀመሪያ በቲኤን ገባ፣ በኋላ ኤች ዋን ቢ አገኘ። ኤች ዋን ቢ በዓመት 85,000 ብቻ ነው፣ በሎተሪ ነው፣ ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ ደግሞ ከውጭ ለሚመጣ አዲስ ሠራተኛ 100,000 ዶላር ክፍያ ተጥሎበታል። ነርስ በአብዛኛው ለእሱ ብቁ አይደለችም፤ ለነርስ ሥራ የግድ ባችለር ዲግሪ አይጠየቅምና። እስከዚህ ቲኤን ይሻላል። ነገር ግን ኤች ዋን ቢ ያለው ሰው ግሪን ካርድ እፈልጋለሁ ቢል ችግር የለበትም። ቲኤን ያለው ግን በገባ ቁጥር ለጊዜው እንደመጣ፣ ተመልሶ እንደሚሄድ ማሳመን አለበት። የግሪን ካርድ ማመልከቻ ከተጀመረ በኋላ ድንበር መሻገር ለቲኤን ሰው አስጨናቂ ነው። ስለዚህ በሁሉም ነገር ይሻላል የሚለው አይይዝም።

ለነርሷ ግን ጥሩ ዜናም ነገራት። ነርሶች ሼድዩል ኤ በሚባለው ዝርዝር ውስጥ ስለሆኑ፣ ቀጣሪው ለግሪን ካርድ ሲያመለክትላቸው የሥራ ገበያ ማጣሪያውን ይዘላሉ። ወረፋው ደግሞ የሚቆጠረው በዜግነት ሳይሆን በትውልድ አገር ነው። ኢትዮጵያ የተወለደ ካናዳዊ በኢትዮጵያ ወረፋ ይቆማል፤ እንደ ሕንድ ተወላጆች ለብዙ ዓመታት አይቆለፍበትም። የዲቪ ደንብም እንደዚሁ ነው፤ የሚታየው የትውልድ ቦታ ነው። ይህን እዚህ ክር ላይ ብዙ ሰው እንደማያውቅ ከምስጋናው ብዛት ገባኝ።

18. ሥራው በድንገት የተቋረጠበት ሰው ስለ 60 ቀኑ ጻፈ። ቲኤን ከአንድ ቀጣሪ ጋር የተሳሰረ ነው። ሥራው ካለቀ፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ጊዜ ከዚያ ካላጠረ በቀር እስከ 60 ቀን ይሰጣል። በዚያ ውስጥ ሌላ ቀጣሪ ማግኘት ወይም መውጣት ነው። ልጆቹ የትምህርት ዓመቱ መሐል ላይ ነበሩ። ቤቱን ሳይሸጥ፣ ዕቃውን ጓደኛው ጋራዥ ውስጥ ትቶ ወጣ። ቤት ለመግዛት አትቸኩሉ ነው ያለው። ምሬት ነበረበት፤ ግን እውነት ነው የተናገረው።

19. ከአዲስ አበባ የጻፈ አንድ ወጣት ወሬውን ወደ እኛ ሰፈር መለሰው። ካናዳና አሜሪካ ይህን ከተስማሙ እኛ ከኬንያና ከጂቡቲ ጋር ለምን አንስማማም አለ። ናይሮቢ ሥራ ተገኝቶለት በፈቃድ ምክንያት አልፎታል።

20. ናይሮቢ የሚሠራ ሰው መለሰለት። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አገሮች በ2010 ሥራ የጀመረ የጋራ ገበያ ፕሮቶኮል አላቸው። ኬንያ፣ ሩዋንዳና ኡጋንዳ አንዱ ለሌላው ዜጋ የሥራ ፈቃድ ክፍያ አንሥተዋል። የሒሳብ ባለሙያዎች፣ አርክቴክቶችና መሐንዲሶች ፈቃዳቸው በሌላው አገር እንዲታወቅ የተፈራረሙት ውል አለ። ኢትዮጵያ የዚያ ማኅበረሰብ አባል ስላልሆነች አይመለከታትም። ኢጋድ በ2020 የሰዎች ነጻ ዝውውር ፕሮቶኮል አጽድቋል፤ ወረቀት ላይ ነው ያለው። ወጣቱ የጠየቀው ተገቢ ጥያቄ ነው። የእኛ መሐንዲስ ናይሮቢ ለመሥራት ይህን ያህል መቸገሩ እኔንም ያንገበግበኛል። ራሱን የቻለ ክር ይገባው ነበር።

21. አንዲት እናት ዲትሮይት ማዶ ጤፍ ይረክስ እንደሆነ ጠየቁ። አራት ሰው በአንዴ መለሰላቸው። ወሬው ለትንሽ ጊዜ ጤፍ ብቻ ሆነ።

22. ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አሜሪካዊ ዜጋ ደግሞ ግልባጩን ጠየቀ፤ እሱ ወደ ቶሮንቶ መሄድ ነው የሚፈልገው። መንገዱ ያው እንደሆነ ተነገረው። በዚያው ስምምነት አሜሪካዊ ባለሙያ ካናዳ ድንበር ላይ የሥራ ፈቃድ መጠየቅ ይችላል፤ ቀጣሪው ካናዳዊ ሠራተኛ ፈልጌ አጣሁ የሚለውን ማጣሪያ አያልፍም። ግሪን ካርድ ግን እዚህም አይሠራም፤ ዜግነት ያስፈልጋል።

23. ስለ ስምምነቱ መፍረስ አንድ የሞንትሪያል ሰው በሰፊው አስፈራራ። ሁላችሁም በአንድ ሌሊት ትባረራላችሁ አለ። ቁጥር 17 በትዕግሥት መለሰለት። ዩኤስኤምሲኤ የ16 ዓመት ዕድሜ አለው። በስድስተኛው ዓመት፣ በጁላይ 2026፣ ሦስቱ አገሮች በጋራ እንዲገመግሙት ስምምነቱ ራሱ ያዝዛል። አገሮቹ ለማራዘም ባይስማሙ በየዓመቱ ይገመገማል እንጂ በዚያው ቀን አይሞትም። አንድ አገር ሊወጣ ቢፈልግም የ6 ወር ማስታወቂያ መስጠት አለበት። ስጋቱ መኖሩ እውነት ነው፤ በአንድ ሌሊት የሚለው ግን ሰው ማሸበር ነው።

24. ከዚያ ኦታዋ ያለ ሰው ሁላችንም ያለፍነውን ነገር አነሣ። የባልየውን ቀን። የካናዳ ዜግነት ለማመልከት በ5 ዓመት ውስጥ 1,095 ቀን ካናዳ ውስጥ በአካል መገኘት ያስፈልጋል። ሚስቱን ተከትሎ ሚሺጋን ከኖረ ያ ቆጠራ ይቆማል። ካናዳዊት ሚስቱን አጅቦ ውጭ የኖረው ጊዜ ፒአሩን ለመጠበቅ ይቆጠርለታል፤ ለዜግነት ግን አይቆጠርም። ስለዚህ ዛሬ በቲዲ ቢሄድ ሁለት ጊዜ ይጎዳል። እዚያ አይሠራም፤ እዚህ ደግሞ ለራሱ ቲኤን የሚያበቃው ዜግነት ይርቀዋል። እየቆየ የሚገባበትን በር በራሱ እጅ ይዘጋል ማለት ነው። የዊንዘሯን እህት ቁጥር 3 ተመልሳችሁ አንብቡ አለን።

እኔ ስለ ቲኤን የሚጠይቁኝን ሰዎች ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቃቸው ይህንኑ ነው። የማን ወረቀት ይከፈታል፣ የማንስ ይዘጋል? ስለ ድንበሩና ስለ ደብዳቤው ለመንገር ሁሉም ይሽቀዳደማል። ተከትሎ ስለሚሄደው ሰው ቀድሞ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። እዚህም ቢሆን ጉዳዩ የተነሣው 24ኛው መልስ ላይ ደርሰን ነው።

25. ነርሷ ተመልሳ መጣች። ከባለቤቷ ጋር አብረው እንዳነበቡት ጻፈች። ቶሮንቶን ለቀው ዊንዘር ሊገቡ አስበዋል። እሷ እየተሻገረች ትሠራለች። እሱ ዊንዘር ውስጥ ሥራ ይፈልጋል፣ ቀኑንም ይሞላል። ዜግነቱ ሲመጣ ያኔ ሁለቱም እንደገና ይመክራሉ። ለመምህርቷ ለብቻዋ ምስጋና አቀረበች፤ የእሷን ታሪክ ባያነቡ ኖሮ ዕቃ መጠቅለል ጀምረው እንደነበር ነገረቻት።

26. የዊንዘሯ ነርስ ደስ አላት፤ ግን ወዲያው ሥራውን አሳየቻት። የሌሊት ሺፍት ካለብሽ የድልድዩን ወረፋ አስቢበት፣ ድንበሩን ፈጥኖ የሚያሳልፈውን ኔክሰስ ካርድ ቀድመሽ አመልክቺ አለች። ክረምት ላይ ቀደም ብለሽ ውጪ፤ መዘግየትሽን ሆስፒታሉ አይረዳልሽም።

27. የመጨረሻው የእኔ ነው። ቅደም ተከተሉን ጻፍኩላት። መጀመሪያ የቪዛስክሪንና የሚሺጋን ላይሰንስ ማመልከቻ ይግባ። ሁለቱ እጅሽ ሲገቡ ሆስፒታሉ የመጨረሻውን ደብዳቤ ይጻፍልሽ፤ የሥራው ዝርዝር፣ የሚቆይበት ጊዜና ደመወዙ በግልጽ ይኑርበት። ድንበር ላይ ቲኤኑ ከተፈቀደልሽ በኋላ ብቻ የቶሮንቶውን ሥራ ልቀቂ። ካልጋሪ ላለው መሐንዲስም እዚያው ላይ ጻፍኩለት፤ የካናዳ ቀኑ ስንት እንደደረሰ ቢነግረን አብረን እንቆጥርለታለን። እስካሁን አልመለሰም፤ ክሩ ክፍት ነው።